ጀልባው በደጋ ሐይቅ ላይ ለምን ይደክማል?

ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ለሁለት ጌቶች የሚገዛ ሎሌ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ጌታ አየር ነው፤ ሞተሩ ነዳጁን ለማቃጠል አየር መሳብ አለበትና። ሁለተኛው ጌታ ውሃ ነው፤ ጀልባው ወደ ፊት የሚሄደው ውሃን ወደ ኋላ እየገፋ ነውና። በባሕር ጠረፍ ሁለቱ ጌቶች ይስማማሉ፤ ፋብሪካው ሞተሩንና ውሃ ገፊውን መዝኖ ያገናኘው በዚያ ከፍታ ነው። ይኸው ጀልባ በመኪና ተጭኖ ወደ ደጋ ሐይቅ ሲወጣ ግን አየሩ ይሳሳል፤ ውሃው እንደ ነበረ ይቀራል። ጠቡም የሚጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ለማንሣት የወደድነው ነገሩ የመካኒክ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐይቆቻችን አብዛኞቹ ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ የሚገኙ ናቸው። ለሐይቅ ጥበቃ፣ ለምርምር፣ ለሕሙማን ማመላለሻ ወይም ለመንገደኞች የሚሆን ጀልባ እንዲገዛ ሲወሰን፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ አንድ ወጣት ሹም ነው። እርሱም በእጁ ያለው የፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት በሐይቁ ላይ ሳይገኝ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በፈራሚው ላይ አይደለም፤ ከደሴት ወደ ሆስፒታል በምትወሰድ ወላድ ላይ፣ ማዕበል ሲነሣ ወደ ዳር ለመድረስ በሚጣደፍ መንገደኛ ላይ ነው እንጂ።

የጄት ጀልባ አመጣጥ

ጄት ጀልባ የሚባለው ፕሮፔለሩ ከታች ተንጠልጥሎ የማይታይበት ጀልባ ነው። ከሆዱ በታች ባለ አፍ ውሃ ይስባል፤ የሳበውን ውሃ በውስጡ ባለ ፓምፕ አፍጥኖ በኋላ በኩል በአፈ ሙዝ ይረጫል፤ በዚያም ግፊያ ወደ ፊት ይሄዳል። አፈ ሙዙ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲዞር ጀልባውም ይዞራል። ከሆዱ በታች የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ እንኳ ያልፋል።

ይህን መሣሪያ ለሥራ እንዲበቃ ያደረገው ዊሊያም ሃሚልተን የተባለ የኒው ዚላንድ ሰው ነው። ሃሚልተን በደቡቡ ደሴት አይሪሽማን ክሪክ በሚባል ስፍራ በግ አርቢና መሐንዲስ ነበረ። የአካባቢው ወንዞች ጠጠር የሞላባቸውና ጥልቀት የሌላቸው ስለ ሆኑ ፕሮፔለር በድንጋይ እየተመታ ይሰበር ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ የተሠራውን የውሃ ጄት ሐሳብ መነሻ አድርጎ ሲሞክር፣ ውሃው ከጀልባው በታች መረጨቱን ትቶ ከውሃው ወለል በላይ በአየር ውስጥ እንዲረጭ አደረገ። ፍጥነቱም ወዲያው ጨመረ። በ1960 የእርሱ ጀልባዎች በአሜሪካ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግራንድ ካንየን የተባለውን ጥልቅ ሸለቆ ከታች ወደ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። በ1977ም የኤቨረስት ተራራን ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በጄት ጀልባዎች ከባሕር ተነሥቶ የጋንጅስን ወንዝ እስከ ሂማላያ ግርጌ ድረስ ተጓዘበት።

እነዚህ ጉዞዎች ጀልባው በጥልቀትና በድንጋይ ላይ ያገኘውን ድል ያሳያሉ። ከፍታ ግን ሌላ ዓይነት ጠላት ነው፤ ዐለትን የዘለለ ጀልባ የሳሳ አየርን ሊዘለው አይችልም።

ፓምፑና ኢምፔለሩ

የፓምፑ ልብ ኢምፔለር የሚባለው ባለ ክንፍ መዘውር ነው። ሞተሩ በብረት ዘንግ ያሽከረክረዋል፤ ክንፎቹም ውሃውን እየቆረጡ ወደ ኋላ ይገፉታል። በዙሪያው ጠበቅ ብሎ የሚያቅፈው የዳር ቀለበት አለ፤ በክንፎቹ ጫፍና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን ይገባዋል። ክፍተቱ ከሰፋ የተገፋው ውሃ ወደ ኋላው ተመልሶ ያመልጣል፤ ጉልበቱም በከንቱ ይባክናል።

የኢምፔለር ጠባይ በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በክንፎቹ ዝንባሌ፣ በክንፎቹ ብዛትና ስፋት፣ በመዘውሩም ዲያሜትር ነው። ዝንባሌው የጎላ እንደ ሆነ በአንድ ዙር ብዙ ውሃ ይገፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ዝንባሌው ያነሰ እንደ ሆነ በአንድ ዙር የሚገፋው ጥቂት ነው፤ ሞተሩም በቀላሉ ይሽከረከራል። ገበሬ ማረሻውን ሲያጠልቅና ሲያሳልለው በበሬዎቹ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማረሻው በጠለቀ መጠን በሬዎቹ ያዘግማሉ፤ በሳለለ መጠን ይፈጥናሉ። እንግዲህ ጥያቄው፣ በሬዎቹ የደከሙ ቀን ማረሻው በምን ያህል ጥልቀት ይያዝ? የሚል ነው።

አየሩ ምን ያህል ይሳሳል?

በባሕር ጠለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1,225 ግራም ያህል ይመዝናል። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 950 ግራም ቢመዝን ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ስፋት አይለወጥም፤ በስፋቱ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ግን አንሷል። ኦክሲጅኑ ካነሰ የሚቃጠለው ነዳጅም ማነስ አለበት። በዓለም ላይ ያሉ መካኒኮች በልምድ የሚጠቀሙበት ሒሳብ፣ አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ጉልበት ያጣል የሚል ነው። በዚህ ሒሳብ ጣና ላይ የሚጠፋው ከመቶ 18 ገደማ ነው፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል።

ውሃውስ? የውሃ ክብደት በከፍታ ምክንያት አይለወጥም ማለት ይቻላል። የጣና አንድ ሊትር ውሃ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ስፍራ ከተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ ጋር እኩል ይከብዳል። ስለዚህ ኢምፔለሩ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር ከሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት ጠረፍ ላይ ከነበረው አይቀንስም። የሰጪው እጅ አጠረ፤ የተቀባዩ ፍላጎት ግን እንደ ነበረ ነው።

ሁለት ዓይነት ኪሳራ

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስላ። በባሕር ጠረፍ በደቂቃ 5,500 ዙር እየዞረ 200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር አለን እንበል። ኢምፔለሩም በ5,500 ዙር ላይ ልክ 200 የፈረስ ጉልበት እንዲጠይቅ ሆኖ ተመርጦለታል። ጀልባው ጣና ላይ ሲደርስ ሞተሩ አንድ አምስተኛ ጉልበት ካጣ፣ በ5,500 ዙር ሊሰጥ የሚችለው 160 ብቻ ነው። ኢምፔለሩ ግን በዚያ ዙር አሁንም 200 ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ 5,500 ሊደርስ አይችልም፤ ዙሩ ይወርዳል።

እስከ ምን ድረስ ይወርዳል? ፓምፕ የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር በአንድ ልክ አይሄድም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሕግ ለጄት ጀልባ መልካም ዕድል ነው፤ ዙሩ ጥቂት ሲወርድ ሸክሙ በብዙ ይቀልላልና። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል በዚያ አካባቢ አይለወጥም ብለን ብናሰላ፣ ሰጪና ተቀባይ የሚታረቁት በ4,920 ዙር ገደማ ነው። በዚያ ዙር ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት 143 ያህል ነው።

እነሆ ሁለት ኪሳራ አለብን። ከ200 ወደ 160 የወረደው 40 የፈረስ ጉልበት የአየሩ ኪሳራ ነው። ከ160 ወደ 143 የወረደው 17 የፈረስ ጉልበት ደግሞ ኢምፔለሩ ለሞተሩ ስላልተስማማ የደረሰ ኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን የትኛውም ኢምፔለር አይመልሰውም። ሁለተኛውን ግን ዝንባሌው ያነሰ ኢምፔለር ይመልሰዋል፤ ሞተሩ እንደ ገና ወደ 5,500 ዙር ወጥቶ የቀረውን 160 በሙሉ እንዲሰጥ ያደርገዋልና። በዚሁ ስሌት ጀልባው ከቆመበት ሲነሣ የሚያገኘው ግፊያ ባልተለወጠው ኢምፔለር ጠረፍ ላይ ከነበረው ከመቶ 80 ሲሆን፣ በተለወጠው ከመቶ 86 ይሆናል። ልዩነቱ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የተጫነ ጀልባ ውሃውን እያረሰ ከመሄድ ተላቅቆ በውሃው ፊት ላይ ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ትርፍ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር ነው።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፣ ኢምፔለር ጉልበት አይፈጥርም፤ የተረፈውን ጉልበት እንዳይባክን ይጠብቃል እንጂ። ይህን ሳይረዱ «ኢምፔለሩን ለውጡና እንደ ጠረፍ ይሮጣል» የሚሉ ሻጮች ቢያጋጥሙ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚያሰኝ ተስፋ ነው። በጣና ላይ በእርግጥ 200 የፈረስ ጉልበት የሚያስፈልገው ሰው፣ በምሳሌያችን ሒሳብ፣ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 250 የተጻፈበትን ሞተር መግዛት አለበት፤ ወይም የሚጭነውን መቀነስ አለበት።

የታሆ ሐይቅ ትምህርት

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መካከል የሚገኘው የታሆ ሐይቅ ከፍታ 1,897 ሜትር ነው። ከጣና ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 111 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ለሞተር የሚያደርገው ነገር በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው ማለት እንችላለን። የጀልባ ባለቤቶች ግን በብዛት የሚኖሩት ከታች በሳክራሜንቶና በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል ጥቂት ከፍ በሚል ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ጀልባውን ከመኪናቸው ኋላ አስረው ቢነሡ ከሰዓት በኋላ ታሆ ላይ ሊያሳርፉት ይችላሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞተራቸው አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል።

በዚያ ያለው ልማድ ጀልባው በሚውልበት ስፍራ የሚወሰን ነው። ጀልባውን ሁልጊዜ በደጋው ሐይቅ የሚያቆይ ሰው ዝንባሌው ያነሰ ኢምፔለር ያስገጥማል። አሮጌ ዓይነት ፓምፕ ያለው ደግሞ ያንኑ ኢምፔለር በዲያሜትር ያነሰውን ይመርጣል፤ ፋብሪካዎቹ አንዱን ቅርጽ በልዩ ልዩ ልክ እየቆረጡ በፊደል ለይተው ይሸጡታልና። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ኢምፔለሮች ላይ ግን ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው የክንፉ መግቢያ ጠርዝ ዝንባሌ፣ ሁለተኛው የመውጫው ጠርዝ ዝንባሌ በዲግሪ ነው። ቁጥሮቹ ሲያንሱ ኢምፔለሩ ለሞተሩ ይቀልላል።

አንዳንዴ ብቻ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ግን ባይለውጠው ይሻለዋል። ለደጋ የቀለለው ኢምፔለር ወደ ጠረፍ ሲመለስ ሸክሙ ከልክ በላይ ቀልሎት ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር በላይ ያስሮጠዋልና፣ ጉዳቱ ከደጋው ድካም የከፋ ይሆናል። ይህ ለእኛም ትርጉም አለው። ለጣና የሚሄድ ጀልባ በጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ በዚያው ቢፈተሽ፣ ለጣና በትክክል የተመረጠው ኢምፔለር በዚያ ስፍራ የተሳሳተ መስሎ ይታያል፤ የተሳሳተው ደግሞ ትክክለኛ ይመስላል። ፈተናው መደረግ ያለበት ጀልባው በሚሠራበት ሐይቅ ላይ ነው።

ትንፋሹን ሌላ የሚያግዝለት ሞተር

እስካሁን የተናገርነው አየርን በራሱ ብቻ ስለሚስብ ሞተር ነው። ተርቦ የተገጠመለት ሞተር ግን በጭስ መውጫው ኃይል የሚዞር መጭመቂያ ስላለው የሳሳውን አየር ጨምቆ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ በጣና በመሰለ ከፍታ ከጉልበቱ የሚያጣው በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ኢምፔለሩንም መለወጥ ላያስፈልገው ይችላል። ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀበቶ ወይም በጥርስ ተያይዞ የሚዞር መጭመቂያ ያለው ግን እንደዚህ አይደለም። የሚጨምቀው ባለበት ከፍታ ያገኘውን አየር በአንድ በተወሰነ እጥፍ ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ውጤቱም ይሳሳል። «መጭመቂያ አለው» ተብሎ ብቻ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር አይገባም።

ውሃ ሳይሞቅ ሲፈላ

ከፍታ በኢምፔለሩ ላይ የሚያመጣው ሁለተኛ ችግር አለ። ይህኛው ሞተሩን አይነካም፤ የሚነካው ውሃውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ሽምብራ ለመቀቀል ከጅቡቲ ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ የቤት እመቤቶች ያውቁታል። ምክንያቱም ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀልል ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ጣና ላይም በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ውሃ እንዲፈላ ታዲያ ሁልጊዜ እሳት አያስፈልገውም፤ ጭነቱ በጣም ከቀነሰለት ቀዝቃዛ ሆኖም ይፈላል። የኢምፔለር ክንፍ በፍጥነት ሲዞር ከፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ውሃውን በኃይል ይስባል፤ በዚያ በኩል ያለው ግፊት ይወርዳል። ከልክ በላይ ሲወርድ ውሃው በክንፉ ላይ ፈልቶ የእንፋሎት አረፋ ይሆናል፤ አረፋዎቹም ጥቂት አልፈው ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ በድንገት ይጨፈለቃሉ። ይህን ባለ ሙያዎች ካቪቴሽን ይሉታል። የሚጨፈለቁት አረፋዎች ብረቱን ነቀዝ እንደ በላው እንጨት ይበሱታል፤ ድምፁም ጠጠር በፓምፑ ውስጥ የሚያልፍ ያስመስለዋል።

አየር በባሕር ጠለል ላይ ውሃን የሚጫነው 10.3 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ እንደሚጫነው ያህል ነው። ጣና ላይ ይህ 8.3 ሜትር ይሆናል። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል 3,812 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በቲቲካካ ሐይቅ ደግሞ ወደ 6.4 ሜትር ይወርዳል፤ በዚያ ሐይቅ ሞተሩም አንድ ሦስተኛ የሚያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ በጠረፍ ሳይፈላ የቆየ ፓምፕ በደጋ ሊፈላ ይችላል። መድኃኒቱ ክንፎቹ የበዙ ወይም የሰፉ፣ ጠርዛቸውም የተሳለና ያልተጎዳ ኢምፔለር መምረጥ ነው፤ ሸክሙ በሰፊ ገጽ ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ያለው ስበት ይቀንሳልና። ነጂውም ድርሻ አለው። ጀልባው ሲሮጥ ውሃው በራሱ ወደ መሳቢያው አፍ እየተገፋ ስለሚገባ ፓምፑ ይቀለዋል፤ አስቸጋሪው ጊዜ ከቆመበት ሲነሣ ነው። ስለዚህ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

ሁለቱን በሽታዎች መለየት

እንግዲህ በደጋ ሐይቅ ላይ ደካማ የሆነ ጄት ጀልባ ከሁለት አንዱን በሽታ ይዞት ይሆናል። የሁለቱ ምልክት ተቃራኒ ነው። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የዙር መቁጠሪያው ፋብሪካው ከወሰነው በታች ከቆመ፣ ሞተሩ አየር አጥሮት ኢምፔለሩ ከብዶታል፤ ዝንባሌው ያነሰ ኢምፔለር ያስፈልገዋል። ዙሩ ከተወሰነው በላይ እየሮጠ ጀልባው ግን የማይሄድ እንደ ሆነ፣ ኢምፔለሩ የያዘው ውሃ ሳይሆን አረፋ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ዝንባሌ መቀነስ በሽታውን ያባብሰዋል።

ሆኖም ዙሩ ያለ ልክ የሚሮጠው ሁልጊዜ በከፍታው ምክንያት አይደለም። በጣና ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ የተስፋፋው እንቦጭ የሚባለው አረም በፓምፑ መሳቢያ አፍ ላይ ባለው ፍርግርግ ብረት ላይ ሲጠመጠም፣ ፓምፑ ውሃ ተከልክሎ ያንኑ ምልክት ያሳያል። ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ የማይበልጥ፣ በክረምት ወንዞቹ ብዙ ደለል የሚያስገቡበት ሐይቅ ነው። ደለሉ በፓምፑ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሞረድ ሆኖ የክንፎቹን ጫፍና የዳር ቀለበቱን ይበላል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ውሃ ከአሉሚኒየም ይልቅ የማይዝግ ብረት ኢምፔለር፣ በቀላሉም የሚለወጥ የዳር ቀለበት ይመረጣል፤ ፍርግርጉም አረሙን ከላይ ሆነው ሊያጸዱበት የሚቻል ቢሆን መልካም ነው። በዚሁ ሐይቅ ላይ ለብዙ ዘመን ያገለገለው የደንገል ታንኳ አየር የሚስብ ሞተርም፣ አረም የሚዘጋው አፍም የለውም። አዲሱ መሣሪያ ከታንኳው ይልቅ ፈጣን ነው፤ ጥያቄው ግን የበዛ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ኢምፔለር ለማዘዝ ከመጣደፍ በፊት ፈተናውን በተራ ማድረግ ይገባል። በመጀመሪያ ፍርግርጉ ይጽዳ። ቀጥሎ የክንፎቹ ጠርዝና የዳር ቀለበቱ ክፍተት ይለካ። ከዚያ ነዳጁ ይታይ፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር በደጋ ሲሠራ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ በዚያው መጠን ስለማይቀንስለት ጥቁር ጭስ ያወጣልና መስተካከል አለበት፤ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚመጥነው ሞተር ግን ይህን በራሱ ያስተካክላል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ በኋላ ጀልባው ዘወትር የሚይዘውን ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ቀኑ በሞቀበት ሰዓት፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ዙሩን መመዝገብ ነው። የጄት ጀልባ መልካም ጠባይ፣ የኢምፔለሩ ሸክም በጀልባው ፍጥነት ብዙም የማይለወጥ ስለ ሆነ፣ ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። ኢምፔለሩ የሚመረጠው ይህ ቁጥር ፋብሪካው ከፈቀደው የዙር መጠን ወደ ላይኛው ወሰን እንዲጠጋ፣ እንዳያልፈውም ሆኖ ነው።

ለፈራሚው ጥቂት ጥያቄዎች

የጀልባ ግዥ ወረቀት ከፊቱ የቀረበለት ወጣት ሹም መካኒክ እንዲሆን አንጠይቀውም። አራት ጥያቄዎችን ግን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሻጩም በጽሑፍ ሊመልስለት ይገባል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት በምን ከፍታና በምን ሙቀት ተለካ? ሞተሩ አየር የሚያገኘው በራሱ ነው ወይስ በተርቦ? የተገጠመው ኢምፔለር የትኛው ነው፣ ለዚህ ሐይቅ ከፍታስ የሚመከረው የትኛው ነው? ርክክቡስ የሚደረገው በሐይቁ ላይ፣ ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ ዙሩ ተመዝግቦ ነው ወይስ በወደብ?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከተጠየቀ ሁለተኛ ኢምፔለር ከጀልባው ጋር አብሮ እንዲመጣ ማድረግ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከጀልባው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከተፈረመ በኋላ ከተጠየቀ ግን አዲስ ግዥ፣ አዲስ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ፣ አዲስ የወራት ጥበቃ ይሆናል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጀልባው ወይ ዳር ላይ ታስሮ ይቆማል፣ ወይም ተጨንቆ ይሠራል።

ተጨንቆ የሚሠራ ጀልባ ደግሞ የሚያስተዳድረው ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለው። ዙሩ ሳይሞላ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሞተር ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። መንገደኛ በጠረፍ ልክ ከተጫነበት ጀልባው በውሃው ፊት መንሸራተት አቅቶት አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን እያረሰ ይሄዳል፤ በዚህ ሁኔታ ነጂው ፊቱን በደንብ አያይም፣ ነዳጁም ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል። በሐይቁ መካከል ሳሉ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቢነሣ ከዳር የሚያደርሰው ትርፍ ጉልበት የለም። ስለዚህ ለሐይቁ የሚስማማው ኢምፔለር እስኪመጣ ድረስ የመጫኛ ልኩ እንዲቀነስና የተቀነሰውም ቁጥር በጀልባው ላይ በግልጥ እንዲጻፍ ማድረግ የኃላፊው ሥራ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የዙር መቁጠሪያ፣ አንድ ብሩሽና ጥቂት ቀለም ነው።